ፒያኒስት መባልና ከፒያኖ መብላት

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ ልጅ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ፍለጋ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ኪቦርድ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትጫወቻለሽ። «ፒያኖ መጫወትና መቅረጽ ብቻውን እንጀራ ይሆነኛል? አዲስ አበባ ልሂድ ወይስ ድሬ ልቆይ?» ብለሻል። አባትሽ ደግሞ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ብለው ቤቱን አተራምሰውታል።

የሚመረውን ላስቀድም። ድሬ ውስጥ ገበያ ያለው ለኪቦርድ ተጫዋች እንጂ ለፒያኒስት አይደለም። ሥራው ሰርግ ነው፣ ምርቃት ነው፣ ሆቴል ነው። በአንድ ምሽት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ዘፈን ትጫወቻለሽ። የሾፓንን ክላሲካል ፒያኖ የሚጠይቅሽ የለም። ዘፋኙ ድምፁ ሲደክምበት ግን መድረክ ላይ ዞር ብሎ «ግማሽ ድምፅ አውርጂልኝ» ይልሻል፤ ዘፈኑን ትንሽ ወፈር ባለ ቅኝት ተጫወቺው ማለቱ ነው። ያንን ሳትደናገሪ የምታደርጊ ከሆነ ለሚቀጥለው ሰርግም ትጠሪያለሽ።

ቀብድ ሳትቀበዪ እንዳትንቀሳቀሺ። እኔም ድሮ ኪቦርድ እጫወት ነበር። አንድ ሆቴል ሦስት ቅዳሜ አጫውቶኝ «ነገ ና» ሲለኝ ከረመ። እስካሁን ነገ አልደረሰም።

ስቱዲዮ ሌላ ሥራ ነው። መድረክ ላይ አንድ ጣት ቢስት ጭብጨባው ይሸፍንልሻል፤ የተቀረጸ ስህተት ግን ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ይሰማል። በጆሮሽ ክሊኩ (ምት የሚጠብቀው ድምፅ) እየመታ አራት መስመር ሙዚቃ ሃያ ጊዜ ትደጋግሚያለሽ። በዚያ ላይ ብዙ አቀናባሪዎች ከበሮውንም ቤዙንም ኪቦርዱንም በኮምፒውተር ብቻቸውን ይጨርሱታል። አንቺን የሚጠራሽ እሱ የማይችለውን ይዘሽ ከመጣሽ ነው። ለምሳሌ የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት ፒያኖ ላይ ስትጫወቺ የክራር ለዛ ካላቸው፣ እሱን ማሽን አይሰጠውም።

ክፍያው ብዙውን ጊዜ በዘፈን ቁርጥ ነው። ተቀብለሽ ትወጪያለሽ፤ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ቢፈነዳ ለአንቺ የሚደርስሽ ነገር የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝም፣ ማለትም ለተጫዋቹም፣ መብት ይሰጣል። ግን ወረቀት ሳትይዢ በምን ትከራከሪያለሽ? አንድ ገጽ ውል ይበቃል። አካውንታንት አይደለሽ እንዴ!

ስለ አዲስ አበባ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት መሣሪያ ተጫውተሽ ትፈተኛለሽ። ስለዚህ ኖታ ማንበብ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በጆሮ የለመደ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ቀጥሎ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሯል። ዛሬ በውጭ አገር መድረኮች ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወት ፒያኒስት ነው። ፒያኒስቷን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ደግሞ ሁሉም ሰው ምሳሌ ያደርጋቸዋል። አዎ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ ሸክላ አሳትመዋል። ግን መነኩሴ ነበሩ፤ ከሸክላው የተገኘውንም ለበጎ አድራጎት ነው ያዋሉት። የቤት ኪራይ ሒሳብሽን በእሳቸው አታስቢ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ለአንድ ዓመት ድሬ እቆያለሁ። ግማሽ ቀን የሒሳብ ሥራ፣ ከሰዓት ሦስት አራት ልጆችን ማስተማር። ከሰርግ ይልቅ የማይቋረጠው ገቢ ይኸ ነው። የሰርግ ገንዘብ ጥር ላይ ይጎርፋል፤ ጾም ሲገባ ይነጥፋል። አባትሽም በየወሩ የሚገባ ብር ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አይቼዋለሁ።

እውነተኛ ፒያኖ ለመግዛት ግን አትቸኩዪ። ከ200 በላይ ክር ያለው የእንጨት ዕቃ ነው፤ የድሬ ሙቀት እንጨቱን ሲያደርቀው ቅኝቱ ይወርዳል፣ ቃኚ ደግሞ እንደ ባጃጅ በየጥጉ ቆሞ አይጠብቅሽም። ኪቦርድሽ ስንት ቁልፍ እንዳለው አልነገርሽኝም። 61 ከሆነ ለሰርግ ይበቃል። ለያሬድ ፈተና ግን 88 ቁልፍ ያለው፣ ሲጫኑት እንደ ፒያኖ ከበድ የሚል ላይ ጣትሽን ማስለመድ አለብሽ። ያለው ሰው ፈልጊና በሳምንት ሁለት ቀን ለምነሽም ቢሆን ተለማመጂበት።