የክሬም ሥልጠና በ3 ቀን ያልቃል ወይ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። በኬሚስትሪ ዲግሪ አለኝ። ላለፉት 2 ዓመታት ቤቴ ውስጥ ክሬምና ሻምፑ እየሠራሁ ለዘመድና ለጎረቤት እሰጣለሁ። አሁን ብዙ ሰው «አስተምሪን» ይለኛል። የ3 ቀን ሥልጠና ከፍቼ 30 ሰው ልመዝግብና ሰርተፊኬት ልሰጥ አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር? ምን ዕቃ ልግዛ? ደግሞ ብዙዎቹ ፊት የሚያቀላ ክሬም መማር ነው የሚፈልጉት። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም የመጀመሪያውን ሥልጠና የሰጠሁት በ3 ቀን ነበር። 22 ሰው ነበርን። ሁሉም የሠራውን ክሬም ይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ደስ ብሎት ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ተመልሳ መጣች። የክሬሙን ዕቃ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ክዳኑን ከፈተችው። ላዩ አመድማ ሻጋታ አብቅሏል። በጠርዙ ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሽታው እንደ ከረመ ሊጥ ነው። «የእህቴን ልጅ ልቀባው ስል ነው ያየሁት» አለችኝ። ልጁ 8 ወሩ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ የኔ ነው። ትኩስ እሬት አስጨምሬያቸዋለሁ። ክሬም እንዳይበላሽ የሚጠብቀውን ፕሪዘርቫቲቭ ደግሞ በሻይ ማንኪያ ነበር ያስለካኋቸው። በዓለም አቀፉ መስፈርት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለዓይን አካባቢ የሚሆን ምርት በ1 ግራም ውስጥ ከ100 በላይ ጀርም ሊኖረው አይገባም። ለሌላው ምርት እስከ 1,000 ይፈቀዳል። በዚያ ዕቃ ውስጥ የነበረው ስንት እንደሆነ ማሰብም አልፈልግም።

ስለዚህ አሁን የማሠለጥነው በ6 ተከታታይ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ሲደመር ካንቺ 3 ቀን ብዙም አይበልጥም። ቁም ነገሩ በመሃል ያለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዕቃ ክሬም ይሠራል። ሁለቱም እሬት አለባቸው፤ ፕሪዘርቫቲቭ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ስምና ቀን ተጽፎባቸው መስኮት ዳር ይደረደራሉ። በ4ኛው ቅዳሜ እንከፍታቸዋለን። እኔ ምንም አልናገርም። ሰው የገዛ እጁ ሥራ ሻግቶ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ «ተፈጥሯዊ ከሆነ ኬሚካል ለምን እንጨምራለን?» የሚል አላጋጠመኝም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቂያቸው፦ ንጹሕ የመሰለው ዕቃም ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም። ለሽያጭ የሚሆን ምርት ላቦራቶሪ መግባት አለበት።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ገንዘብሽን መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጪ። ለክሬም ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ፕሪዘርቫቲቭ፣ ፊኖክሲኢታኖል፣ በአውሮፓ ሕግ ከመቶ 1 እጅ አይበልጥም። 100 ግራም ክሬም ስትሠሪ 1 ግራም ማለት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ደግሞ የሚቆጥረው 1 ግራም፣ 2 ግራም እያለ ነው። 1 ብሎ ሲያሳይሽ ግማሽ ግራም ጨምሮ ወይም ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ካነሰ ይሻግታል፣ ከበዛ ቆዳ ይቆጣል። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ግዢ። በማንኪያ መለካትን ከክፍልሽ አስወጪ።

ቴርሞሜትርም ያስፈልግሻል። ዘይቱንና ሰሙን በአንድ ዕቃ፣ ውሃውን በሌላ አድርገሽ ሁለቱንም ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ታሞቂያለሽ። ከዚያ ነው የሚቀላቀሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ትኩስ ዘይት ላይ ከተጨመረ ሰሙ ወዲያው ይረጋና ክሬሙ እንደ አይብ ይቆራረጣል። ፕሪዘርቫቲቩ የሚገባው ከ40 ዲግሪ በታች ሲበርድ ነው። ቴርሞሜትሩን በፈላ ውሃ ስትፈትሺ 100 ካላሳየ ተበላሸ ብለሽ እንዳትጥይው። እኛ ጋ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 አካባቢ ነው፤ ከፍታው ነው ምክንያቱ። አንቺ ጋ አዳማ ከ94 እስከ 95 ይደርሳል። ይህን ክፍል ውስጥ አሳያቸው፤ በጣም ይወዱታል።

ፒኤች (የአሲድነት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) መለኪያም አትርሺ። አንድ ሠልጣኜ ሻምፑዋ ውስጥ ሶዲየም ቤንዞኤት የሚባለውን ፕሪዘርቫቲቭ በትክክለኛው መጠን ጨምራ እያለ ሻምፑው ተበላሸባት። ለካ ፒኤቹ 7 ነበር። ሶዲየም ቤንዞኤት በደንብ የሚሠራው ከ5 በታች ነው። እንደሷ ልክ ሠርተው የሚከስሩ ብዙ ናቸው፤ በጣም ያሳዝነኛል።

መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሚበት ቡታጋዝና የእጅ መምቻ ይኑርሽ። ክሬም በመሃል አቁሙት ቢሉት አይቆምም።

ፊት ስለሚያቀላው ክሬም የጠየቅሽኝን ያለ ማመንታት እመልስልሻለሁ፦ አታስተምሪ። ገበያ ላይ ቶሎ ያቀላል የሚባለው ብዙ ጊዜ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ወይም እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት አለበት። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ስቴሮይድ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሩ እስኪታይ ድረስ። ፊቷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶባት እያለቀሰች የመጣች ልጅ አይቻለሁ። ገና 24 ዓመቷ ነው። በምዝገባው ቀን «እዚህ አይሠራም» ብለሽ ንገሪያቸው። የሚቀር ይቅር። በምትኩ ከፀሐይ ስለመከላከል አስተምሪያቸው። የፀሐይ መከላከያ መሥራትን ግን አይደለም፤ እሱ ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ አይሞከርም።

ሰርተፊኬቱ ላይ «ሥልጠና ተከታትሏል» የሚለው ይበቃል። ከሥሩ ደግሞ «የማምረት ፈቃድ አይደለም» ብለሽ በግልጽ ጻፊበት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም ይመለከታል። ሠልጣኞችሽ አምርተው መሸጥ ከፈለጉ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ መሄድ አለባቸው። ይህን ሳያውቁ ከክፍልሽ እንዳይወጡ። አንቺም ማስታወቂያ ከመለጠፍሽ በፊት ስለ ማሠልጠኛ ፈቃድ በከተማችሁ የሙያ ሥልጠናን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቂ።

30 ሰው ያልሽውን ወደ 10 አውርጂው። ክፍያው እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይም አለ። ግን 30 ሰው በአንድ ሚዛን ሲሰለፍ የኋለኞቹ በግምት ይጨምራሉ። እኔ የዚያን ጊዜ ማንኪያ ያነሳሁት ሰልፉ ረዝሞብኝ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ሚዛን ይድረስ። ሁሉም ደብተር ይያዝ፤ የጨመረውን በግራም፣ የሙቀቱን ዲግሪ፣ ቀኑን ይጻፍ። የኔዎቹ መጀመሪያ ይሰለቻቸዋል። በ4ኛው ቅዳሜ ክዳኑ ሲከፈት ግን ሁሉም ደብተሩን ነው የሚገልጠው።

አዳማ ሞቃት ናት። መስኮት ዳር ያለው ዕቃ እኔ ጋ ካለው ቀድሞ ሊሻግት ይችላልና ከ2ኛው ቅዳሜ ጀምረሽ እይው።