«ጨክኖ» ሌላ፣ «ጨካኝ» ሌላ

ልጆቼ፣ ጎንደር ውስጥ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሙያው የሚነግራችሁ ብዙ ሰው አለ። እኔ ስለ አንዲት ቃል ልንገራችሁ።

«ጨከነብኝ» ካልን በደል አለ። ያቺ «ብ» የተጎዳውን ሰው ይዛ ትመጣለች። «ጨክኖ ተማረ» ስንል ግን ክፋት የለበትም፤ የጨከነው በገዛ ስንፍናው ላይ ነው። «ጨካኝ» ደግሞ ይከብዳል። ሥራውን ትቶ ሰውየውን ይፈርጃል፤ ልበ ደንዳና እንደ ማለት ነው።

ከደንቢያ ልጇን አዝላ የመጣች እናት በሰው ፊት «እስካሁን የት ነበርሽ!» ተብሎ ሲጮህባት አይቻለሁ። የመኪና ገንዘብ እስክትበደር መዘግየቷን የጠየቃት የለም። ይሄ ጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም አትፈልጉለት። ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እኮ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ወባ ደንቢያን በፈጀ ማግስት። የተከፈተው ለእነሱ ነበር።

አነጋገሩ የሚጎረብጠውን ሁሉ ግን ጨካኝ አትበሉ። ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛ አልጋ የማይርቁ፣ አፋቸው ግን ሻካራ የሆነ ባልደረቦች ነበሩኝ። ሻካራ ይበቃቸዋል።

«ጨክኖ» የገባኝ ጀማሪ ሳለሁ ነው። እግሯ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን መጣች። ቁስሉ የተሸፈነበት ስስ ጨርቅ፣ ጎዙ፣ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። ጫፉን ገና ስነካው ጮኸች። እናቷ «ምነው እህቴ፣ ምን ዓይነት ጨካኝ ነሽ!» አለችኝ። እጄ ተሳሰረ። የላላውን ብቻ አነሣሁና በተጣበቀው ላይ አዲስ ፋሻ ጠቀለልኩበት። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ቁስሉ መግል ይዟል። ሽታው ገና ከበር ይቀበላል።

አንድ አንጋፋ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና አሻጊ ባለሙያ፣ ከጎኗ ተቀመጠ። ጎዙ ላይ ጨው ውሃ አንጠባጠበ። ጥቂት ጠበቀ። እንደገና አረጠበው። ስሟን እየጠየቀ፣ ቤታችሁ ጥጃ አለ ወይ እያላት፣ ቀስ አድርጎ ላጠው። አለቀሰች። እሱ ግን እስኪጨርስ አላቆመም። ኋላ ለብቻዬ ጠርቶ «ያን ቀን አላዘንሽላትም፤ ፈርተሽ ነው» አለኝ።

ልጅቷ ድና ስትወጣ እናቷ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።