ስልክህን ክፈት ቢሉኝስ? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስለ ስልክ፣ ካሜራና ዳታ ሕግ ጠይቁኝ ብዬ ጥያቄው ዘነበ። ሕጉ እንደየአገሩ ነው፤ እኔ የማነሳው ብዙ የተወራባቸውን ፍርዶች ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ሲይዘኝ ኪሴን ከፈተሸ ስልኬን ቢበረብር ምን ይለየዋል?

መልስ፦ የአሜሪካ መንግሥትም እንዲሁ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ነገሩ የተነሳው የመኪናው ምዝገባ ጊዜው ያለፈበት አንድ ሹፌር መንገድ ላይ ሲያዝ ነው። ፖሊሶች ስልኩን ከፍተው ያዩት ፎቶና ቪዲዮ በኋላ የከባድ ወንጀል ማስረጃ ሆነበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 «መጀመሪያ የፍርድ ቤት ማዘዣ አምጡ» አለ፤ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው። ዋና ዳኛው ሮበርትስ ኪስ መፈተሽንና ስልክ መበርበርን አንድ ማድረግ ፈረስ መጋለብንና ወደ ጨረቃ መብረርን አንድ ነው እንደማለት ነው ብለዋል። ልክ ናቸው። ኪስ ውስጥ ቁልፍና ደረሰኝ ነው ያለው፣ ስልክ ውስጥ ግን የሐኪም ቀጠሮህ፣ ከሚስትህ ጋር የተጨቃጨቅክበት መልእክት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲልህ ሌሊት የፈለግከው ነገር ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ በጣት አሻራ የሚከፈት ከሆነስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ተከፋፍለዋል። የይለፍ ቃል ጭንቅላትህ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ መናገሩ በራስህ ላይ እንደመመስከር ነው፣ ጣት ግን አካል ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም። በሩም ክፍሉም ያው ነው።

ጥያቄ፦ የምደብቀው የለኝም፣ ምን አስጨነቀኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2018 የተወሰነውን የካርፔንተር የሚባል ሰው ጉዳይ ስሚ። ፖሊስ ከስልክ ኩባንያ የወሰደው መረጃ 127 ቀን የሚሸፍን ነበር፣ 12,898 የቦታ ነጥብ። በቀን መቶ ጊዜ ያህል የት እንደነበረ ማለት ነው! ሰውየው ለማንም የነገረው ነገር የለም፣ ስልኩ በርቶ ነበር፣ በቃ። መንግሥት «ለኩባንያው በፈቃዱ የሰጠው ነው» ብሎ ተከራከረ፣ አምስት ለአራት ተሸነፈ። በአንድ ድምፅ ልዩነት!

ጥያቄ፦ ስሜን ስፈልግ የሚመጣውን የድሮ ነገር ማስጠፋት ይቻላል?

መልስ፦ አውሮፓ ውስጥ፣ አንዳንዴ። አንድ የስፔን ሰው በዕዳ ምክንያት ንብረቱ ለሐራጅ መቅረቡን የሚናገር የ1998 የጋዜጣ ማስታወቂያ ስሙ በተፈለገ ቁጥር ጎግል ላይ እየመጣ አስቸገረው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ፈረደለት። ልብ በሉ፣ ጋዜጣው ላይ ያለው አልጠፋም፤ በስሙ ሲፈለግ እንዳይመጣ ነው የተባለው። የሚያስቀው፣ ያ እንዲረሳለት የፈለገው ዕዳ አሁን የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሆኗል።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ፊት የሚለይ ካሜራ ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ በ2020 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሳውዝ ዌልስ ፖሊስ አጠቃቀም ሕገወጥ ነው ብሏል። ካሜራው ፈጽሞ ይከልከል ግን አላለም፤ የት እንደሚተከልና ማን እንደሚፈለግ ለፖሊሶቹ ስሜት መተዉን ነው የነቀፈው።

ጥያቄ፦ ብድር ጠይቄ ኮምፒውተር ከለከለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በአውሮፓ የዳታ ሕግ አንቀጽ 22 ሰው እንዲያየው መጠየቅና መቃወም ትችላለህ። አበዳሪዎች «ውሳኔው የእኛ ነው፣ ማሽኑ ዕዳውን ይከፍላል ወይ የሚለውን የሚገምት ነጥብ ብቻ ነው የሰጠው» እያሉ ያመልጡ ነበር። በ2023 ግን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ አበዳሪው በዋናነት የሚደገፈው በነጥቡ ከሆነ ነጥቡ ራሱ ውሳኔ ነው አለ። ሕጉ አንተ ጋ የሚሠራ ከሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው፦ ነጥቡን ማን ሰጠ፣ ምን ዓይቶ፣ ከዚያ በኋላስ ፋይሌን የከፈተ ሰው አለ ወይ?