ሴራ ለመጻፍ ለምትነሡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ተከታታይ ድራማ ለመጻፍ ከምታስቡት መካከል ብዙዎቻችሁ የሴራ ታሪክ ትመርጣላችሁ። ረቂቆቻችሁ ግን ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚጀምሩት፤ ከባለሥልጣኑ ቢሮ፣ መስታወቱ ከጠቆረ መኪና፣ «ከበስተጀርባ ያለው ማነው?» ከሚል ጥያቄ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ተመልካቹ የሚያለቅስለት ሰው ሳይሰጠው ጠላት ብቻ ተሰጥቶታል።

ከዚህ ችግር መውጫውን የሚያሳይ አንድ የቆየ የእንግሊዝ ሥራ አለ፤ «ኤጅ ኦቭ ዳርክነስ» ይባላል። ስድስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱም ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያንሳል። ጸሐፊው ትሮይ ኬኔዲ ማርቲን፣ ዳይሬክተሩ ማርቲን ካምቤል፣ ፕሮዲውሰሩ ማይክል ዌሪንግ ናቸው። ቢቢሲ 2 እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 4 ቀን 1985 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ማታ አሳየው። የመጨረሻው ክፍል ካለቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቢቢሲ 1 ሁለት ሁለቱን ክፍል እያጣመረ በሦስት ተከታታይ ምሽቶች ደገመው፤ በዚያን ዘመን እንዲህ የፈጠነ ድጋሚ ያልተለመደ ነበር። ቀጥሎም ስድስት የባፍታ (የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ) ሽልማት ወሰደ። መጨረሻውን ጭምር ልነግራችሁ ነው። ሥራውን ለመማር የሚያይ ሰው ፍጻሜውን ቀድሞ ቢያውቅ አይጎዳም።

ሮናልድ ክሬቨን የዮርክሻየር ፖሊስ መርማሪ ነው። ሚስቱ በካንሰር ሞታበታለች፤ የቀረችው አንዲት ልጁ ኤማ ናት። አንድ ዝናባማ ማታ አባትና ልጅ ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ የታጠቀ ሰው ብቅ ይልና ኤማን ፊቱ ይገድላታል። ክሬቨን ቀድሞ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ከመረጃ አቀባዮች ጋር ሠርቷልና፣ የሥራ ባልደረቦቹ «የተፈለግከው አንተ ነህ» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት። ጸሐፊው ወደ ምርመራው አይሮጥም። አባትየው የልጁ ክፍል ገብቶ ዕቃዋን ይነካካል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ተዋናዩ ቦብ ፔክ ከመድረክ ቴአትር የመጣ ነው፤ ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ሐዘኑን ያሳያል። ከዕቃዋ መሐል ሽጉጥና የጨረር መለኪያ ሲገኝ፣ ኤማንም ጨረር ነክቷት እንደነበር ሲታወቅ፣ ያ ሁሉ ዝምታ የዘራውን ያጭዳል። ፍንጩ የተገኘው ሐዘኑ ውስጥ ነው። ሐዘኑን በሁለት ደቂቃ ጨርሳችሁ «ከሦስት ወር በኋላ» የሚል ጽሑፍ ብትለጥፉ ፍንጩም ተራ ዕቃ ይሆንባችኋል።

መጀመሪያ ስታዩት ብዕር አትያዙ። በሁለተኛው ዙር አንድ ወረቀት አራት ቦታ ክፈሉ፤ በአንዱ ትዕይንቱን፣ በሁለተኛው ክሬቨን የሚያውቀውን፣ በሦስተኛው ተመልካቹ የሚያውቀውን፣ በአራተኛው ማን እንደሚዋሽና ለምን እንደሚዋሽ ጻፉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራርበው ሲሄዱ ታያላችሁ፤ ተመልካቹ ከክሬቨን ብዙም አይቀድምም። በራሳችሁ ረቂቅ ላይ ይህንኑ ስታደርጉ አራተኛው ቦታ ላይ «ክፉ ስለሆነ» የሚል ከመጣ፣ ያንን ትዕይንት ሰርዙትና እንደገና ጻፉት።

እዚህ ድራማ ውስጥ በደፈናው ክፉ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ የየራሱን ጥቅም የሚጠብቅ እንጂ። ፔንድልተንና ሃርኮርት የተባሉት ሁለቱ የመንግሥት ሰዎች ጨዋ፣ ቀልደኛና ተንኮለኛ ናቸው። የሲአይኤው ዳርየስ ጄድበርግ ጎልፍ የሚጫወት፣ በቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር የሚወድ ግዙፍ ቴክሳሳዊ ነው፤ በጣም የሚያስቀውም በጣም የሚያስፈራውም እሱ ነው። የኑክሌር ቆሻሻ የሚያከማቸው ኩባንያ ሌላ ይፈልጋል፣ ለንደን ሌላ፣ ዋሽንግተን ሌላ። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መሪው ጎድቦልት ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል በምርጫ ማጭበርበር ብቻ የሚጠረጠር የሰፈር ጉዳይ ይመስላል፤ ኋላ ግን ወደ ምሥጢሩ የሚያስገባውን የጉድጓድ መንገድ የሚያውቀው እሱ ሆኖ ይገኛል። ትንሽ ነገር ቀድሞ ተክሎ በኋላ መልቀም ማለት ይህ ነው።

ምሥጢሩ በእጅ የሚያዝ ነገር መሆኑ ደግሞ ሌላው ትልቅ ብልሃት ነው። ኖርዝሙር በተባለ የኑክሌር ቆሻሻ ማከማቻ ውስጥ በድብቅ ፕሉቶኒየም ይመረታል። ፋይል ወይም ፍላሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀግናው አንዴ ካገኘው ታሪኩ ያልቃል። ክሬቨን ከስለላ ድርጅት ኮምፒውተር መረጃ ያወጣል፤ ያም ሆኖ በአምስተኛው ክፍል ከጄድበርግ ጋር በአሮጌ የማዕድን ዋሻ በእግሩ መውረድ አለበት። ዋሻዎቹ የተቀረጹት ዌልስ ውስጥ ባሉ እውነተኛ ጉድጓዶች ነው፤ ድካሙም ከዚያ ይታያል። እውነቱን ያገኘ ሰው እውነቱ ራሱ ይገድለዋል፤ ሁለቱም በጨረር ተመትተው ይወጣሉ። ያኔ ሰዓት መቁጠሪያ ቦምብ አያስፈልግም፣ የሰውየው ገላ ሰዓቱ ነው።

በስድስተኛው ክፍል ጄድበርግ ስኮትላንድ ውስጥ ባለ ስብሰባ ላይ ሁለት የፕሉቶኒየም ቁራጮች ያጋጫል፣ አዳራሹም ይተራመሳል። ይህ ከሜዳ የመጣ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 21 ቀን 1946 ሎስ አላሞስ በተባለው የአሜሪካ የኑክሌር ምርምር ጣቢያ ሉዊስ ስሎቲን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ 6.2 ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየም ላይ ሲሠራ ጠመንጃ መፍቻው አዳልጦት፣ የላይኛው ሽፋን ወድቆ ገጠመ፤ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፣ እሱም በዘጠነኛው ቀን ሞተ። የምትጽፉት ነገር ምን እንደሚያደርግ ቀድማችሁ እወቁ። የፕሉቶኒየም አልፋ ጨረር ቆዳን አያልፍም፣ ትልቁ አደጋ ብናኙ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው፤ ከበቂ በላይ ሲከማች ወይም ሲቀራረብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የኑክሌር ሰንሰለታዊ ምላሽ ይነሣና ገዳይ ጨረር በአንድ አፍታ ይፈነጥቃል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ገጸ ባሕርዩን በተሳሳተ ሰዓት ይገድላል።

ዘመኑም አግዞታል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬጋን የሕዋ መከላከያ ዕቅዱን እ.ኤ.አ. በ1983 አውጆ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ስለ ሳይዝዌል የኑክሌር ጣቢያ የተካሄደው ሕዝባዊ ምርመራ ከ1983 እስከ 1985 ቆይቷል፤ የማዕድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ያበቃውም በዚያው 1985 ነው። ጸሐፊው የፈጠረው በሰዎች አፍ ያለውን ፍርሃት አይደለም፤ ፍርሃቱን የሚሸከም አንድ አባት ነው። ድራማው ካለቀ አምስት ወር ሳይሞላ ደግሞ በሶቪየት ኅብረት የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ፈነዳ።

ንግግር የምታበዙትን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ኬኔዲ ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1964 በአንድ የቴአትር መጽሔት ላይ የቴሌቪዥን ድራማ ሰዎች ቆመው የሚነጋገሩበት ብቻ ሆኗል ብሎ ክፉኛ ተችቶ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የሞተችውን ኤማን አባቷ አጠገብ አስቀምጦ አናገራት። ያለ ጭስ፣ ያለ ማስተጋቢያ ድምፅ፣ እንደ ማንኛዋም ልጅ። ለዚህ ድፍረት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሐሳቡማ ክሬቨን መጨረሻ ላይ ዛፍ ሊሆን ነበር፤ ባልደረቦቹ አስጣሉት፣ እኔ በበኩሌ ደግ አደረጉ እላለሁ። በምትኩ ክሬቨን ተራራው ላይ የልጁን ስም ይጮኻል፣ ከዚያም በኋላ በበረዶው መሐል ጥቁር አበባ በቅሎ ይታያል። ኤማ ቀደም ብላ ስለ አበባው ነግራዋለች፤ ምድር ራሷን ለማዳን የምታበቅለው፣ ሙቀት የሚስብ አበባ ነው። ይህን ቀድማ ባትነግረው ኖሮ ፍጻሜው ትርጉም የሌለው ጌጥ ይሆን ነበር።

ካምቤል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ታሪክ ወደ ቦስተን አምጥቶ፣ በሜል ጊብሰን መሪ ተዋናይነት ሁለት ሰዓት የማይሞላ ፊልም አድርጎታል። ስድስቱን ክፍል ሳትጨርሱ እሱን አትዩ። ስታዩት ግን ሰዓት ያዙ፤ ልጅቱ ከተገደለች በኋላ አባትየው ምርመራ እስኪጀምር ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ በሁለቱም ላይ ቆጥራችሁ ጎን ለጎን ጻፉት፤ ከዚያ የራሳችሁን የመጀመሪያ ክፍል አውጡና ያንኑ ደቂቃ ቁጠሩበት።