ስልክ ወይስ ሽቦ? ስለ መኪና መቆጣጠሪያ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰሞኑን የመኪና ሽቦ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። ጂፒኤሱን፣ አላርሙን፣ ሞተር ማቋረጫውን በስልክ አፕ ላድርገው ወይስ በሽቦ የታሰረ ማብሪያ ማጥፊያ ይሻለኛል? ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። እዚህ ጎንደር የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከእጄ ካለፈው ተነስቼ ልመልስላችሁ።

ጥያቄ፦ አታስረዝምብኝ። አፕ ወይስ ሽቦ? (ቪትዝ የሚነዳ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ሁለቱም፤ ግን ሥራቸውን ለይላቸው። በቅጽበት መሥራት ያለበት ነገር በሽቦ ይሁን። ማየት፣ ማስተካከል፣ መኪናው የት እንደዋለ መከታተል የስልክ ሥራ ነው። ሞተሩን የሚይዘውን ቁልፍ ስልክ ውስጥ ብቻ ካስቀመጥከው መኪናህን ለኔትወርክ፣ ለሰርቨር (መረጃውን ተቀብሎ ወደ ስልክህ ለሚያደርሰው የኩባንያው ኮምፒውተር) እና ለስልክህ ባትሪ አደራ ሰጠህ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ቁልፉ እጅህ ላይ የለም።

ጥያቄ፦ ሚኒባሴ ወደ አዲ አርቃይ ስትሄድ ሊማሊሞ ላይ ስትደርስ አፑ ላይ ቆማ ትቀራለች። ሹፌሩ ደግሞ አልቆምኩም ይለኛል። ልጁ እየዋሸኝ ነው ወይስ ጂፒኤሱ ተበላሽቷል?

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁ እውነቱን ሊሆን ይችላል። እቃውም ደህና ነው። ጂፒኤስ የምንለው ሳጥን ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። አንደኛው ከሳተላይት ቦታውን ማወቅ ነው። ለዚህ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ሰማይ ካየ ይበቃዋል። ሁለተኛው ያወቀውን ውስጡ ባለችው ሲም ካርድ ወደ ሰርቨር መላክ ነው። ከደባርቅ ቁልቁል ስትወርድ ገደሉ የስልክ ምሰሶውን ይከልላል። መኪናዋ የት እንዳለች ታውቃለች፤ ለእርስዎ መንገር ግን አልቻለችም። ብዙዎቹ እቃዎች ያለፉበትን መንገድ ይዘው ይቆዩና ኔትወርክ ሲያገኙ አንድ ላይ ይልካሉ። ስለዚህ ማታ የቀኑን ጉዞ መልሰው ይክፈቱት። መስመሩ ሳይቆረጥ ሰዓቱም ተያይዞ ከመጣ አልቆመም ማለት ነው።

ልብ ይበሉ፤ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የሞተር ማጥፊያ ትእዛዝም አይደርስም። የተሰረቀ መኪና ደግሞ ኔትወርክ ወደሌለበት ሊወሰድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

መልስ፦ ይህን የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ አይገርመኝም። በ2015 ክረምት መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ አፕ ብቻ የነበራቸው ሰዎች ስልካቸው ላይ ባዶ ካርታ ነበር የሚያዩት። በኤስኤምኤስ ትእዛዝ የሚቀበል እቃ ያስገጠሙት ግን ጥሪ በሚሠራባቸው ቀናት መልእክት እየላኩ ቦታውን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ስትገዙ አንድ ነገር አረጋግጡ። ያለ አፕ፣ በኤስኤምኤስ ብቻ ቦታውን ይመልሳል? ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ይሞክርላችሁ። የትእዛዞቹን ዝርዝርም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙት።

በሰላሙ ጊዜም ቢሆን ኔትወርክ ይጨናነቃል። ጥምቀት ሲደርስ፣ ጥር 10 እና 11 ፋሲል መዋኛ አካባቢ ሆናችሁ መልእክት ላኩ። መቼ እንደሚደርስ ያኔ ታዩታላችሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቀን ደግሞ ዳር ላይ የቆመ መኪና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ባጃጅ ነው ያለኝ። ጂፒኤስ ለመግዛት አቅም የለኝም። ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ምን ያህል ይረዳኛል?

መልስ፦ በጣም ይረዳሃል ወንድሜ። ባጃጅ የሚሰርቅ ሰው ጊዜ የለውም። አንድ ሁለቴ ሞክሮ እምቢ ካለችው ጥሏት ነው የሚሄደው። ግን ቦታውን ምረጥ። ሁሉም ሰው ወንበር ሥር ያስገጥማል፤ ስለዚህ ሌባውም መጀመሪያ የሚዳብሰው እዚያ ነው። ውኃ የማይደርስበት፣ እጅህ ሳታይ የሚያገኘው፣ ተሳፋሪ ግን የማይነካው ቦታ ፈልግ። ባጃጇን ለሌላ ልጅ በቀን ገቢ የምትሰጥ ከሆነ፣ ልጁ ሲቀየር የማብሪያውም ቦታ ይቀየር።

አንድ ምክር ልጨምር። ሽቦውን ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ላይ አታስቆርጥ፤ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የእሳቱ መስመር ላይ ይሁን። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ሞተሪኖው እምቢ ቢልም ወደ ታች ለቆ፣ ማርሽ አስገብቶ ማስነሳት ለማንም አያቅትም። በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና ያላችሁም ይህን አትርሱ።

ጥያቄ፦ ሞተር የሚያጠፋ ጂፒኤስ ካስገጠምኩ ወዲህ መኪናዬ መንገድ ላይ በድንገት ትጠፋለች። ትንሽ ቆይታ ትነሳለች። ሁለት ጋራዥ አይተዋት ምንም የለባትም አሉኝ።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ዝርዝሩን ልንገርህ።

የሞተሩን መስመር የሚቆርጠው ጂፒኤሱ ራሱ አይደለም። ሪሌ የምንላት ትንሽ ሳጥን ናት። ሪሌ ውስጥ ጥቅል ሽቦ አለ፤ መብራት ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና ምላሷን ይስባታል። እግሮቿ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 85 እና 86 የጥቅሉ ናቸው። 30 መብራቱ የሚገባበት ነው። 87 እና 87ኤ መውጫዎቹ ናቸው። ቁም ነገሩ ከሁለቱ መውጫዎች የትኛው እንደተመረጠ ነው። 87ኤ ላይ ከታሰረ፣ ሪሌዋ ዝም ባለች ጊዜ መስመሩ ተገናኝቶ ነው የሚቆየው። የሚቋረጠው ጂፒኤሱ አዞ መብራት ሲሰጣት ብቻ ነው። 87 ላይ ከታሰረ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መኪናው እንዲሄድ ሪሌዋ ሁልጊዜ መብራት ማግኘት አለባት። አንዲት ቀጭን ሽቦ ስትላቀቅ፣ ጂፒኤሱ ራሱን አጥፍቶ ሲያበራ፣ ፊውዝ ሲቃጠል፣ ሞተርህ ድንገት ይሞታል።

የአንተ መኪና ይህ የደረሰባት ይመስለኛል። በቅርቡ ተመሳሳይ ችግር ያለባት መኪና መጥታልኝ ክሩስኮቷን (ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ) ስፈታው ሪሌዋ 87 ላይ ታስራ አገኘኋት። የሽቦው ጫፍም ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሏል። ፕላስተሩ በሙቀት ላልቶ ሽቦው ይንቀሳቀሳል። ወደ መተማ የምትመላለስ መኪና ነበረች፤ የዚያን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ። 87ኤ ላይ አዛወርኩት፣ በብየዳ አያያዝኩት፣ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ አለበስኩት። ከዚያ ወዲህ አልጠፋችም። ሪሌህን የሚያይልህ ሰው ፈልግ፤ እስከዚያ ከከተማ አትውጣባት።

ጥያቄ፦ ሌባው ይዟት ሲበር በአፕ ባጠፋት ምን አለበት?

መልስ፦ ተው፣ እንዳታደርገው። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ከሆነ የሚሞተው ሌባው ብቻ አይደለም። መንገድ ዳር ያለ ሰውም ነው። ጥሩ እቃዎች ትእዛዙን ተቀብለው ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቃሉ። የአንተ እንደዚያ መሆኑን ሜዳ ላይ ሞክረህ እወቅ። ካልሆነ መኪናው መቆሙን ካርታው ላይ አይተህ ብቻ አጥፋ። ከዚያ ቦታውን ለፖሊስ ስጥ። ብቻህን እንዳትከተል።

ጥያቄ፦ ለቪትዝ የተገዛች ሪሌ አይሱዙ ላይ ትሠራለች?

መልስ፦ አትሠራም። ሁለት ባትሪ የተቀጠለበት አይሱዙ 24 ቮልት ነው፤ የ12 ቮልት ሪሌ ጥቅሏ ይቃጠላል። በዚያ ላይ አሮጌ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን እሳት አይፈልግም። የሚጠፋው ናፍጣው ሲዘጋ ነው። አንዳንዱ ላይ ፖምፓው ላይ ያለችው መዝጊያ መብራት ሲቋረጥባት ትዘጋለች፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሚዘጋው መብራት ሲደርሰው ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ የሚቆርጥ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ቆይቼ ስመለስ መኪናዬ አልነሳ አለች። ባትሪውን የጨረሰው ጂፒኤሱ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እቃው ቆሞም 50 ሚሊአምፔር ቢስብ፣ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው መብራት የሚለካበት) ይሆናል። በ21 ቀን 25 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። የትንሽ መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ቢሆን ከግማሽ በላዩ ሄደ። ባትሪው ያረጀ ከሆነ አለቀ። አላርም ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ ግን ቆማ የምትጠጣው ነገር የላትም። ረጅም ጊዜ የምትሄድ ከሆነ ዘመድህ በሳምንት አንዴ ሞተሩን አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሙቀው።

ጥያቄ፦ የአፑ ምስጢር ቁጥር 123456 ነው። ልቀይረው ብል ሻጩ አያስፈልግም አለኝ።

መልስ፦ ዛሬውኑ ቀይሪው እህቴ። እ.ኤ.አ. በ2022 ማይኮዱስ የተባለ የቻይና ኩባንያ በሠራው ኤምቪ720 በተባለ ጂፒኤስ ላይ ከባድ የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶ የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ተቋም ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። የኩባንያው እቃዎች በ169 አገሮች በ1.5 ሚሊዮን መኪኖች ላይ ይገኙ እንደነበር ተዘግቧል። አንዱ ችግር ይኸው 123456 ነበር። ሌላ ሰው ገብቶ መኪናው የት እንዳለ ማየት፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚኑንም ማስቆረጥ ይችል ነበር። የአፑን፣ የኤስኤምኤሱንም ቁጥር ቀይሪ፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ያስገጠመልሽ ሰው የድሮውን ቁጥር ስለሚያውቅ ቀይረሽ ስታበቂ ለማንም አትንገሪ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ ትራፊክ ፖሊስ ፍጥነት የሚለካበትን ሌዘር አውቆ የሚያስጠነቅቅ እቃ ላከልኝ። በስልክ አፕም ይታዘዛል፣ በሽቦ የሚታሰር ባለ ቁልፍ መቆጣጠሪያም አለው። የትኛውን ላስገጥም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፤ ስልክና ሽቦ ሲወዳደሩ ልዩነቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የሌዘር ፍጥነት መለኪያ ዓይን የማያየው ብርሃን ነው የሚተኩሰው፤ የሞገድ ርዝመቱ 905 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ጨረሩ ጠባብ ነው። 300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የሌላው ፍጥነት መለኪያ፣ የራዳር፣ ሞገድ ሰፊ ስለሆነ ፊትህ ያለውን መኪና ሲመታ አንተም ጋ ይደርሳል። ሌዘር ግን የተነጣጠረበትን መኪና ብቻ ይመታል። ፍጥነቱን ለማወቅም ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ እቃህ ሲጮህ ፍጥነትህ ብዙ ጊዜ ተለክቶ አልቋል።

አሁን ስልኩን አስብ። አፑ ከጀርባ ተኝቷል። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ወይም እናትህ እየደወሉልህ ነው። ወይም ስልኩ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ግሎ ደክሟል። ከፍቶ ለማየት ሁለት ሰከንድ ቢፈጅብህ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ጊዜ 44 ሜትር ተጉዟል፤ ዓይንህም መንገዱ ላይ አልነበረም። በሽቦ የታሰረው መቆጣጠሪያ ግን ቁልፍ ስታዞር ይበራል፤ ድምፁም መብራቱም የራሱ ነው፤ እጅህ በዳበሳ ያገኘዋል። ስለዚህ መልሴ ሽቦው ነው። ስልኩን የድምፁን መጠን ለማስተካከልና ሶፍትዌሩን ለማደስ፣ ቆመህ ብቻ ተጠቀምበት። ስልክ ብቻውን ሌዘር እንደማይሰማም እወቅ። የሚሰማው ከፊት የሚገጠመው ዳሳሽ ነው፤ ጭቃ ከሸፈነው እሱም አይሰማም።

ከሙያው ወጥቼ እንደ ወንድም ልንገርህ። የአክስትህ ልጅ ያለበት ቨርጂኒያ ራዳርም ሆነ ሌዘር ጠቋሚ መኪና ላይ መግጠም ክልክል ነው፤ ጎረቤቱ ዋሽንግተን ዲሲም ራዳር ጠቋሚን ይከለክላል። የእኛን ሕግም ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ሳትጠይቅ እንዳትገጥመው። ሌዘሩን መልሶ የሚያደናግር ዓይነት ከሆነ ደግሞ እኔ ጋ አታምጣው፤ አልገጥምም። ከአዘዞ ወደ ከተማ ስትገባ ከብት የሚነዳ ልጅ፣ አህያ፣ ባጃጅ፣ ተማሪ ሁሉም በአንድ መንገድ ነው። ለእነሱ ብሎ ፍጥነት ለሚቀንስ ሹፌር ይህ እቃ ምንም አይጨምርለትም።

ጥያቄ፦ እኔ ስለ ሽቦ ምንም አላውቅም። ሠራተኛው በትክክል እንደገጠመልኝ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሂሳብ ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር አሠሪው። መጀመሪያ ከባትሪው አጠገብ ለጂፒኤሱ ለብቻው ፊውዝ መኖሩን በዓይንሽ እይ። ከዚያ ሽቦው በብረቱ ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ እንዳለበት ኮፈኑን ከፍቶ ያሳይሽ፤ ጎማ ከሌለው ብረቱ ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ሳለ የጂፒኤሱን ፊውዝ ይንቀለው። ሞተሩ ካልጠፋ ሪሌዋ በትክክል ታስራለች። ከጠፋ ቁልፍሽን አትቀበይው፤ እንደገና ይሥራው።