መልስ፦ ለፊገር (ለሰብሳቢዎች የሚሠራ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት) ፕላስቲክ ገላ ወይስ ሲሊኮን?

«የፊገር ጭንቅላትና የወታደር ልብስ አለኝ፤ የትኛውን ባዶ ገላ ልግዛ?» ላልከው፣ እኔ ብሆን ፕላስቲኩን ነው የምወስደው። የእውነተኛ ሰው 1/6 መጠን ባለው፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ፊገር ላይ፣ ረጅም እጅጌ የፕላስቲኩን የክርን መገጣጠሚያ ይሸፍነዋል። ታዲያ ለማይታይ የሲሊኮን ቆዳ ምን አስከፈለህ?

እንደ ቲቢሊግ (TBLeague) ያለ አምራች የሚሠራው የሲሊኮን ገላ ውስጡ የማይዝግ ብረት አጽም አለው። እጅጌ ለሌለው ልብስ አቻ የለውም፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። ጥቁር ልብስ ቀለሙን ይለቅበታል። ክርኑን አጥፈህ ለወራት ከተውከው ቆዳው ይሸበሸባል፣ ሲብስም ይቀደዳል።

የትኛውንም ብትመርጥ መጀመሪያ የአንገቱን መሰኪያ ለካ። ጭንቅላቱ ካልገባ ማስማሚያ መፈለግህ ነው። የፊቱና የአንገቱ ቀለም ካልተስማማ ደግሞ ኮሌታውን ቀና አድርገው፣ ማንም አያይብህም።