ኤክስ ሲያይ እጁ ለሚተሳሰር ወንድምሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ኤክስ (x) ያለበት የሂሳብ ጥያቄ ሲያይ እጁ ይተሳሰራል፣ ሚኒስትሪው ደግሞ እየደረሰ ነው፣ ከየት ልጀምርለት ነው ያልሽው። እኔ ቡሬ አካባቢ ገጠር ውስጥ ሂሳብ አስተምሬያለሁ። አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ማታ ማታ የጎረቤት ልጆች በረንዳዬ ላይ ይሰበሰባሉ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከኤክስ አትጀምሪ። ብዙው ልጅ የሚወድቀው ከዚያ በፊት ነው፣ ክፍልፋይና ኔጋቲቭ ላይ። ፈትኚው። ግማሽ ሲደመር ሲሶ ስንት ነው በይው። ሁለት አምስተኛ ካለሽ አትቆጪ፣ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ ነው። ብቻ እንጀራ አቅርቢና «ግማሹ ላይ ሲሶ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ደረሰህ?» በይው። ራሱ ይስቃል። ከዚያ እንጀራውን ስድስት ቦታ ቁረጡት፤ ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት፣ በድምሩ አምስት ስድስተኛ።

ኔጋቲቩን በዱቤ ደብተር አስረጂው። የ3 ብር ዕዳ ሁለት ጊዜ ተጽፎብህ ባለሱቁ ሁለቱንም ቢሰርዝልህ 6 ብር ተረፈህ ማለት ነው። -2 በ -3 ሲባዛ +6 የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ኤክስ። እኔ በእሱ ፈንታ «ቀ» እጽፋለሁ፣ ልዩነት የለውም። ይህን ተመልከቺ፦

3(ቀ - 4) = 2ቀ + 5
3ቀ - 12 = 2ቀ + 5
3ቀ = 2ቀ + 17
ቀ = 17

በአንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ። መጀመሪያ ቅንፉን ፈታን፣ 3ቱ ለ4ቱም ይደርሳል (እዚህ ጋ ነው ብዙዎቹ ፈር የሚስቱት፣ 3ቀ - 4 ብለው ይተዋሉ)። ቀጥለን በሁለቱም በኩል 12 ጨመርን። መጨረሻ ላይ ከሁለቱም 2ቀ ቀነስን።

«ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለውን ነገር ለጊዜው እንዲረሳው አድርጊ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ እንደ ዳዊት ሸምድጄው 3ቀ = 12 የሚል ሲመጣብኝ 3ቱን አሻግሬ፣ ምልክቱን ቀይሬ፣ 12 - 3 ብዬ 9 ጻፍኩና መምህሩ በልምጭ አቀመሰኝ፣ ለምን እንደተሳሳትኩ ግን ማንም አልነገረኝም። 3ቱ ከቀ ጋር የተባዛ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ለ3 ማካፈል ነው፣ መልሱ 4። የገበያ ሚዛን አስቢ። አንዱን ጎን ከነካሽ ሌላውንም እኩል መንካት አለብሽ፣ አለዚያ ያጋድላል። አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ከዓረብኛው «አልጀብር» የመጣ ነው፣ የተጎደለውን መልሶ መሙላት እንደማለት። በ9ኛው መቶ ዘመን የነበረው አልኽዋሪዝሚ በዚህ ቃል የጠራው ልክ ቅድም 12 ስንጨምር የሠራነውን ነው።

የቃል ጥያቄ ሲሆን ደግሞ እናንተ አገር ያለውን ነገር ስጪው። አንድ ገበሬ 3 ኩንታል በቆሎ ሸጠ፣ ከዚያ ላይ 900 ብር ለመኪናና ለጫኝ ከፍሎ 12,600 ብር ይዞ ቤቱ ገባ። የአንዱ ኩንታል ዋጋ ስንት ነው? መጀመሪያ «ያላወቅነው ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው፣ በአፉ ይመልስ። የኩንታሉ ዋጋ፣ እሱን ቀ እንበለው። 3ቀ - 900 = 12,600። 900 ስንመልስ 3ቀ = 13,500፣ ለ3 ሲካፈል 4,500 ብር። እርሳሱን ከእጁ አትቀሚው እንጂ፣ ታላቅ እህት ሲባል እዚህ ላይ ነው የምትቸኩለው።

ሳያረጋግጥም ገጹን አይግለጥ። 17ን መልሰሽ ብታስገቢው በግራ 3 በ13 ሲባዛ 39፣ በቀኝ 34 ሲደመር 5 ያው 39። ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

በቀን ስድስት ሰባት ጥያቄ ይበቃዋል። ለሳምንት ያህል ሞክሩትና የተሳሳተባቸውን ገጾች ፎቶ አንሺ፣ ስሙን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። የቱ መስመር ላይ እንደሚስት አይቼ እነግርሻለሁ።